አዋሽ ጣቢያ ለምን ተረፈ? የአሮጌው ምድር ባቡር አንድ የጉዳይ ጥናት

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ በመኪና የሄደ ሰው አሮጌውን ሐዲድ ሳያየው አልቀረም። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ብቅ ይላል። ሞጆ ላይ ከቤቶች ጀርባ ይገባል፣ መተሐራ ጋ ከጥቁሩ ድንጋይ መሃል ይወጣል፣ ከዚያ ደግሞ ይጠፋል። ልብ ብሎ የሚያየው ግን ጥቂት ነው። ሹፌሩ አይኑ ከፊቱ ያለው ሲኖትራክ ላይ ነው፣ ተሳፋሪው ስልኩ ላይ።

ሙሉውን መስመር ልተርክ አልተነሳሁም። እስከ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለአንድ ጽሁፍ ይበዛል። የያዝኩት ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው። ከለገሃር እስከ ድሬዳዋ ካሉት አሮጌ ጣቢያዎች አንዳንዶቹ ባቡር ከቀረባቸው በኋላም ሰው ይመላለስባቸዋል። ሌሎቹን ፍየል ወርሷቸዋል። ልዩነቱ ከምን መጣ? ይህን ለማየት ከአዋሽ ጣቢያ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። (ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ግን ሐዲዱ ለምን በዚያ በኩል እንዳለፈ ማወቅ ይጠቅማል።

አፄ ምኒልክ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ነው። ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሊዮን ሸፍኔ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ፣ ስራውም በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ። ፈቃዱ ላይ መስመሩ ሶስት ምዕራፍ ነበረው። ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ በከፋ በኩል እስከ ነጭ አባይ። ከፋና ነጭ አባይ ወረቀት ላይ ቀሩ። ሐረርም ቀረባት። ባቡሩን ተራራው ላይ ማውጣት ብዙ ገንዘብ ይበላ ስለነበር መሐንዲሶቹ ከተራራው ስር ባለው ሜዳ አለፉ። በታህሳስ 1895 ሐዲዱ የደረሰበት ሜዳ ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ከተማ ናት። ከተማ ሳይኖር ጣቢያው ቀድሞ መጣ ማለት ነው።

ከዚያ ለዓመታት ንቅንቅ የለም። ዲፕሎማሲው ተወሳሰበ፣ ገንዘቡ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ። በ1900 ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተተካና ስራው ወደ ምዕራብ ቀጠለ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ግንቦት 30 ቀን 1909 ነው። ምኒልክ በ1906 አርፈዋል፣ ስለዚህ የፈቀዱት ባቡር ከተማቸው ሲገባ አላዩም።

ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ የሆነ ቀጭን ሐዲድ ነው። ከሱ ጋር አብሮ የሚነሳው ውሃ ነው። እስከ 1940ዎቹ ድረስ ባቡሩን የሚጎትተው የእንፋሎት ሞተር ነበር፣ እሱ ደግሞ በየመንገዱ ውሃ ይጠጣል። አዋሽ ከባህር ወለል በላይ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ነው፣ አዲስ አበባ ከ2300 በላይ። ያን ሁሉ ዳገት ፉርጎ እየጎተተ የሚወጣ ሞተር ውሃ ሳይሞላ አይዘልቀውም። ጣቢያዎቹ የተተከሉበትን ቦታ ለመረዳት ከካርታ ይልቅ የውሃ ማጠራቀሚያ ፈልጉ። ከፍ ብሎ በድንጋይ ወይም በብረት እግር የቆመ ጋን ካያችሁ ጣቢያው ሩቅ አይደለም። ህንፃው ፈርሶ ጋኑ ብቻ የቆመበት ቦታም አለ።

ሌላው ነገር ሌሊት ነው። በመጀመሪያዎቹ አስርት ዓመታት ባቡሩ በጨለማ አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ የተሳፈረ ሰው የመጀመሪያውን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ አድሮ በሶስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። ይህን ያዙልኝ። የአዋሽ ታሪክ በሙሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነው።

አሁን ከለገሃር እንነሳ። ህንፃው የተመረቀው ህዳር 24 ቀን 1922 ነው፣ ንድፉ የፈረንሳዊው የፖል ባሪያ ነው። ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል በቸርችል ጎዳና ስትወርዱ መንገዱ ጫፍ ላይ ፊት ለፊት የሚቀበላችሁ እሱ ነው። ከፊቱ ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በ1923 በአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግስና በዓል ጊዜ ቆመ፣ ጣሊያን ነቅሎ ሮማ ወሰደው፣ የተመለሰው ከአስርት ዓመታት በኋላ ነው። ጃንሆይም በሚያዝያ 1928 የጣሊያን ጦር ሲቃረብ ከአገር የወጡት በዚሁ መስመር ነው።

ለገሃር ግን ለጥያቄዬ ጥሩ ማሳያ አይደለም። ዋና ከተማ መሃል ያለ፣ መሬቱ ወርቅ የሆነ ቦታ ነው። በህዳር 2011 የአቡዳቢው ኢግል ሂልስ ኩባንያ ሰፈሩን እንደ አዲስ ሊገነባ ስራው ሲበሰር፣ አሮጌው ጣቢያ እንደ ቅርስ ተጠብቆ ይቆያል ተብሏል። ይቆይ። እንዲህ ያለ ህንፃ የሚተርፈውም የሚጠፋውም በትልልቅ ሰዎች ውሳኔ ነው። እኔን የሚገርመኝ ማንም ስብሰባ ያልተቀመጠበት ጣቢያ ሲተርፍ ነው።

አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ። እነዚህን በአንድ ትንፋሽ አልፋቸዋለሁ፣ ምክንያቱም የሁሉም ነገር አንድ ነው። ከተማው ውጧቸዋል። ሐዲዱ አንድ ቦታ መንገድ ሆኗል፣ ሌላ ቦታ የጀበና ቡና በረንዳ ከላዩ ተዘርግቷል። አይናችሁ ከለመደ ግን ምልክቱ አይጠፋም። ከሐዲዱ ስር አግድም ይነጠፉ የነበሩት የብረት ተሸካሚዎች ጠርዛቸው ወደ ታች የታጠፈ፣ መሃላቸው ጎድጓዳ ነው። ተገልብጠው የከብት ውሃ ማጠጫ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ቆመው አጥር ይሆናሉ። ቦይ ላይ ተጋድመው ድልድይ ይሆናሉ። ሐዲዱ ራሱ የጣራ ተሸካሚ ሆኖ አይቻለሁ። ጎኑ ላይ የዝገቱን ብናኝ በእጅ ጠረግ ሲያደርጉት ከብረቱ ጋር አብረው የወጡ ከፍ ያሉ ፊደላትና ቁጥሮች ይመጣሉ። የፋብሪካው ስምና የተሰራበት ዘመን ነው። ከቤቱ በላይ ዕድሜ ያለው ምሰሶ።

አንዳንዱ ብረት ወደ ቁራሌው የሄደ መሆኑ ግልፅ ነው። በዚህ ላይ የማዝነው እንደሌሎች አይደለም። ባቡር በቀረበት ከተማ ውስጥ የቆመ ብረት ጌታ የለውም፣ ጌታ የሌለው ነገር ደግሞ አያድርም። ለከብት ውሃ የሚያጠጣው ገበሬ ቢያንስ እየተጠቀመበት ነው።

መተሐራ ጋ ትንሽ መቆም ያስፈልጋል። በአንድ በኩል የፈንታሌ ተራራ፣ በሌላ በኩል ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ መሃል ላይ የበሰቃ ሐይቅ። ሐይቁ በ1950ዎቹ ሶስት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። አሁን ከ40 በላይ ነው። ከአካባቢው መስኖ ጋር የሚያያይዙት ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። ውሃው ሲሰፋ መኪናውንም ባቡሩንም አስፈራራ፣ ሁለቱንም ከፍ ባለ አፈርና ድንጋይ ላይ ማሳለፍ ግድ ሆነ። የባቡር መስመር ከጦርነትና ከእርጅና ሌላ ሐይቅም ሊበላው እንደሚችል እዚህ ቦታ ቆሞ ማየት ይቻላል። ስትሄዱ ጠዋት ሂዱ። ከአራት ሰዓት በኋላ ያ ጥቁር ድንጋይ ምድጃ ነው።

አዋሽ ሰባት

እነሆ አዋሽ። አሮጌው ጣቢያ ከዋናው መንገድ ዘወር ብሎ ነው ያለው፣ መኪናው ሽው ብሎ ሲያልፍ አይታይም። ከጣቢያው ጎን ቡፌ ዳዋሽ አለ። የባቡር ኩባንያው ለአዳሪ ተሳፋሪዎች ያሰራው ሆቴል ነው። በረንዳ፣ ግቢ፣ ቡገንቪሊያ፣ በዚያ ሙቀት መሃል ደህና ጥላ። ትንሽ በእግር ወጣ ካላችሁ ደግሞ የአዋሽ ወንዝ የቆረጠው ገደል አፉን ከፍቶ ይጠብቃችኋል።

አንድ የቀድሞ የምድር ባቡር ሰራተኛ ግቢው ውስጥ አገኘሁ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ወንበር ስበው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ጋሼ፣ ባቡሩ ሲዘገይ ሰው በምን ያውቅ ነበር?» አልኳቸው።

«ከጣቢያ ሹሙ በፊት ሻይ ቤቶቹ ያውቃሉ ልጄ።»

«እንዴት?»

«ስልከኛው ቁርሱን የሚበላው እነሱ ጋ ነዋ!»

ሳቅን። ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። ባቡሩ ዘገየ ማለት ወጥ ይቆይ፣ እንጀራ አሁን አይውጣ፣ አልጋ ገና አይነጠፍ ማለት ነው። አንድ ጣቢያ ዙሪያውን ያለውን ሰው በሙሉ በሰዓት ያስር ነበር። ጠባቂው፣ ተሸካሚው፣ ሻይ አፍይዋ፣ ብርቱካን ሻጩ ልጅ፣ አልጋ አንጣፊዋ። የደመወዝ መዝገቡ ላይ ያለው ሰራተኛ ጥቂት ነው፣ በጣቢያው የሚያድረው ግን ሰፈሩ ሁሉ ነው።

እና ባቡሩ ሲቀር ምን ሆነ? ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው መስመር በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ስራ አቆመ። የትኬት መሸጫው መስኮት ተዘጋ። የቡፌው ማዕድ ቤት ግን አልተዘጋም። አልጋው ነበር፣ ውሃው ነበር፣ ዛፉ ነበር። ሹፌር፣ የፓርክ ጎብኚ፣ ለስብሰባ የሚሄድ የመንግስት ሰራተኛ፣ ሁሉም ጥላ ይፈልጋል። ወደ ጣቢያው የሚያስገባው መንገድ ስለዚህ አልተረሳም። ሰው የሚመላለስበት ግቢ ደግሞ ጥበቃ ባይቀጠርለትም አይን አያጣም። ድንጋይ ሊፈነቅል የመጣ ሰው ቡና የሚጠጡ አራት ሰዎች እያዩት አይፈነቅልም።

ለጥያቄዬ ያገኘሁት መልስ ይሄ ነው። ጣቢያን ያተረፈው የህንፃው ውበት ወይም ዕድሜ አይደለም። ከጎኑ ያለው ምግብና አልጋ ነው።

እዚህ ላይ የሚከራከረኝ ሰው ይኖራል። «አዋሽ የተረፈው በመኪና መንገዱ ነው፣ በቡፌው አይደለም» ይለኛል። መልካም። አዋሽ በእርግጥ መስቀለኛ ቦታ ናት። ከጅቡቲ በገላፊና በሚሌ የሚመጣው የጭነት መኪና ሁሉ በዚህ ያልፋል። በስተምዕራብ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ሰኞ ሰኞ አፋሩም ከረዩውም የሚገናኝበት ገበያ አለ። ይህ ሁሉ ከተማዋን አቁሟታል፣ አልክድም። ግን መተሐራም ሚኤሶም ዋናው መንገድ ላይ ናቸው። ሚኤሶም የደራ ገበያ አላት። አሮጌ ጣቢያቸው ግን የአዋሽን ያህል ሰው አያይም። መንገድ ከተማን ያተርፋል፣ ጣቢያን ግን የግድ አያተርፍም። አዋሽ ላይ የተለየው ባቡሩ ሌሊት ያድርበት የነበረ መሆኑ ነው። ሌሎቹ ጣቢያዎች የሃያ ደቂቃ ማቆሚያ ነበሩ። ለሃያ ደቂቃ ሆቴል የሚሰራ የለም።

የአዋሽ ስም ሲነሳ መዝለል የማይቻል ቀን አለ። ጥር 6 ቀን 1977 አንድ የመንገደኛ ባቡር ከከተማዋ ሳይርቅ ገደል ላይ ባለ ጠማማ ድልድይ ከሐዲዱ ወጣ፣ ፉርጎዎቹ ወደ ገደሉ ገቡ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ አስከፊ ከሚባሉት አንዱ ነው። ባቡሩ በመታጠፊያው ላይ ፍጥነቱን አልቀነሰም ነበር። በዚያ ዘመን የነበሩ የአዋሽ ሰዎች ስለ ሐዲዱ ሲያወሩ ንግግራቸው ወይ ከጥር 77 በፊት ነው ወይ በኋላ።

መስመሩን ማን ገደለው?

አንድ ገዳይ ብቻ የለውም። በ1969 የሶማሊያ ጦርነት ሲጀመር ድልድዮቹ በፈንጂ ተመቱ፣ መስመሩ ለረዥም ጊዜ ተቆረጠ። ጅቡቲ በዚያው ዓመት ነፃ ወጣች፣ ከዚያ በኋላ ድርጅቱ የሁለት መንግስታት ሆነ። የሁለት ሰው ላም ማለት ነው፣ አንዱ ሲያልብ ሌላው ሳር ያመጣል ብሎ ይጠብቃል። ሐዲዱ ድሮም ቀጭን ነበር፣ ከባድ ጭነት አይችልም። ሞተሮቹ አረጁ። በአውሮፓ ህብረት ገንዘብ የተጀመረ ጥገና ነበር፣ እሱም ሳይቋጭ ቀረ።

ከሁሉ የሚያናድደው ግን 1990 ነው። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ አሰብ ተዘጋ፣ የአገሪቱ ገቢና ወጪ ንግድ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ለጅቡቲ ባቡር ከዚህ የተሻለ ዕድል መቼ ይመጣል? ጭነቱ እጁ ላይ ወደቀለት፣ የሚጎትትበት ሞተር ግን አልነበረውም። ጭነቱን የጭነት መኪና ወሰደው፣ ዛሬም አልመለሰም። ያን ጊዜ አስር ደህና ሞተር ቢኖር ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። ከዚያ ደግሞ ሐዲዱ ራሱ አስር ሞተር ይሸከም ነበር ወይ የሚል ጥያቄ ይመጣል። አይሸከምም ነበር።

አዲሱ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ተመረቀ፣ በ2010 መደበኛ ስራ ጀመረ። በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ስፋቱ 1435 ሚሊ ሜትር ነው፣ ቻይናዎች ሰሩት። ፈጣን ነው፣ ጥሩ ነው። ጣቢያዎቹን ግን አስተውሏቸው። አዲስ አበባ ላይ ፉሪ ለቡ፣ ድሬዳዋ ላይም ከከተማው ወጣ ብሎ። ከባቡር ወርዶ ቤት ለመግባት ሌላ ትራንስፖርት መያዝ ግድ ነው። አሮጌው መስመር ከተማን ዙሪያው ሰበሰበ፣ አዲሱ ከተማን ይሸሻል። የመሬት ዋጋው፣ የካሳው ነገር፣ የፍጥነቱ ጉዳይ ይገባኛል። ግን በዚህ አኳኋን ቡፌ ዳዋሽ የሚባል ነገር ዳግም አይወለድም።

አዋሽ ደግሞ ሶስተኛ ሐዲድ አላት። ወደ ኮምቦልቻና ሃራ ገበያ የሚወጣው፣ የቱርኩ ያፒ መርከዚ የሰራው፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መስመር። ተሰርቶ ለዓመታት ባቡር ያልሄደበት፣ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜም ጉዳት የደረሰበት። አሮጌ ሐዲድ ፍለጋ የወጣ ሰው አዋሽ ላይ የሚገጥመው ትርኢት እንግዲህ ይሄ ነው። አንዱ መቶ ዓመት ሰርቶ ያረፈ፣ አንዱ የሚሰራ፣ አንዱ አገልግሎቱን ሳይጀምር የቆመ። ለጎብኚ ደስ ይላል፣ ለግብር ከፋይ ግን ያማል።

የድሬዳዋ ነገር

አዋሽን ብቻ አይቶ መደምደም ስለማይሆን ድሬዳዋን እንደ ማነፃፀሪያ ያዝኩ። ድሬዳዋም ባቡር ያድርባት ነበር፣ ስለዚህ እንደ አዋሽ በአልጋና በምግብ መትረፍ ነበረባት። ተርፋለችም። ከዚራን የመሰለ ሰፈር፣ ቀጥ ያለ መንገዱ፣ ጥላው፣ ሁሉም የባቡር ኩባንያው አሻራ ነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው የመጋላ ሰፈር ደግሞ በራሱ መንገድ አደገ።

ጣቢያውን ያቆየው ግን ሆቴል ሳይሆን ጥገና ክፍሉ ነው። መስመሩ ከአዲስ አበባ ሲቆረጥ ከድሬዳዋ እስከ ደወሌ ያለው ክፍል ወዲያው አልሞተም፣ ከዚያ በኋላም አልፎ አልፎ ባቡር ሄዶበታል። ባቡር ካለ ጥገና አለ። ግቢው ውስጥ ስትገቡ የሚመታችሁ የዘይትና የብረት ሽታ ነው። ትልልቅ የብረት መቅረጫ ማሽኖች ተሰልፈዋል። ቀበቷቸው ከላይ ካለው ዘንግ ጋር የተያያዘም አለ፣ አንድ ዘንግ ሲዞር ሁሉም አብረው እንዲዞሩ የተሰራ ነው። ዕቃ ከፈረንሳይ እስኪመጣ አይጠበቅም ነበር፣ የተሰበረው ነገር እዚያው ይቀረፃል። አንድ ጎልማሳ ሰራተኛ ማሽኑን እንደ ዘመድ እያስተዋወቀ ዞረኝ። በፈረንሳይኛ የሚጠራቸውን ቁልፎች ስም አንዱንም አልያዝኩም፣ እሱ ግን አማርኛው፣ ኦሮሚፋው፣ ሶማሊኛውና ፈረንሳይኛው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይገቡለታል። ድሬ እንደዚህ ናት።

ስለዚህ ድምዳሜዬን ትንሽ ማስፋት አለብኝ። ምግብና አልጋ ብቻ ሳይሆን ስራም ያተርፋል። ሰው በየቀኑ የሚገባበት ምክንያት ይኑር እንጂ ምክንያቱ ማንኪያም ይሁን መፍቻ ለውጥ የለውም።

የዚህ ተቃራኒ ከሚኤሶ ቀጥሎ ያለው ክፍል ነው። የመኪናው መንገድ ሚኤሶን አልፎ ወደ ጨርጨር ደጋ ይወጣል። ሐዲዱ ቆላውን ይዞ ይቀራል። አፍደም፣ ቢኬ፣ ጎታ፣ ኤረር፣ ሁርሶ። ለእነዚህ ቦታዎች ባቡሩ አማራጭ አልነበረም፣ ብቸኛው ነበር። የኤረር ጎታ ፍራፍሬ የሚወጣው በባቡር ነው። ወተት፣ ፍየል፣ ከሰል፣ ከጅቡቲ የሚመጣ ጨርቅ፣ ኮንትሮባንዱም ጭምር፣ ሁሉም በፉርጎ ነበር። የባቡር መስኮት ላይ በአንድ እጅ ገንዘብ እየተቀበሉ በሌላው ብርቱካን የሚያቀብሉ ሴቶች ገበያቸው በአንድ ቀን ጠፋ። መንግስት ለተሳፋሪው አውቶቡስ አለ ብሎ ያስብ ይሆናል። አውቶቡሱ ግን በደጋው ነው የሚሄደው።

ማየት ለምትፈልጉ ሁለት ሶስት ነገር ልበል። ድልድይ አጠገብ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ጥበቃ መኖሩን አጣሩ፣ ካለም ቀድማችሁ ሰላም በሉና አስፈቅዱ። ሞኝ አትሁኑ፣ ድልድይ በየትም አገር ጥብቅ ነው። የጣቢያ ግቢዎቹም ባለቤት አላቸው፣ በር የሚከፍትላችሁን ሰው ጠይቁ እንጂ በአጥር አትግቡ። ከሚኤሶ ወዲያ ለመሄድ የአካባቢውን ፀጥታ ሁኔታ እዚያው ካለ ሰው አጣርቶ፣ ቦታውን የሚያውቅ ሰው ይዞ ነው። ውሃ ያዙ። ሐዲድ ላይ መሄድ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፣ ተሸካሚዎቹ ግን ከእርምጃችሁ ጋር አይገጥሙም፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጉልበታችሁ ይነግራችኋል። ከጎኑ ባለው የእግር መንገድ ሂዱ። ሽማግሌ ስታገኙ ደግሞ ስለ ባቡሩ ታሪክ አትጠይቁ፣ የሰማውን ይነግራችኋል። ስለራሱ ስራ ጠይቁት። ማንቂያ ደወሉን ማን ይመታ ነበር? ደመወዝ በምን ይመጣ ነበር? ያን ጊዜ የማይገኝ ነገር ይገኛል።

ስለ ጥበቃው የሚወራው አብዛኛው ስለ ቀለምና ስለ ሙዚየም ነው። ለገሃር ሙዚየም ይሁን፣ የንጉሡ ፉርጎዎችም ይታዩበት። ለትንንሾቹ ጣቢያዎች ግን ሙዚየም አይሆንም። አፍደም ላይ ማን ትኬት ቆርጦ ይገባል? ለአፍደም የሚሆነው ክሊኒክ፣ የወተት መሰብሰቢያ ወይም ትምህርት ቤት ነው። ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ጣራው ከፍ ያለ ነው፣ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ ለቆላ ታስቦ የተሰራ ቤት ነው። እኔ በጀት ቢኖረኝ ከቀለም በፊት ጣራ እጠግናለሁ፣ ከጣራ ቀጥሎ የድሮውን የውሃ ጋን አስሞላለሁ። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ከሁሉ በፊት የማደርገው እነዚያን የብረት መቅረጫዎች ለሙያ ተማሪዎች መክፈት ነው። ማሽኖቹን የሚያውቃቸው ሰው ጡረታ እየወጣ ስለሆነ ይህኛው ከጣራውም በላይ ያስቸኩላል።